አንዲት ያልጻፍኳት ሜትር

ጅግጅጋ የገባሁት በሚሊኒየሙ ማግስት፣ ሃያ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው። ቀያሽ ነበርኩ። የሳተላይት መለኪያ መሣሪያ ይዤ መስክ ስወጣ ከኔ በላይ ላሳር የምል፣ ቶሎ የምቆጣ፣ ስቆጣ ደግሞ አፌን የማላርም ሰው። አሁን ይህን መጻፍ ቀላል ነው፤ ያኔ ማንም ቢነግረኝ እጣላው ነበር። እንዲያውም የነገሩኝን በሙሉ ተጣልቻቸዋለሁ፣ ከአንድ ሰው በስተቀር።

ያን ሰው መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «አዴር» ይላቸው ነበር፤ በሶማሊኛ አጎት እንደማለት ነው፣ ትልቅ ሰው የሚከበርበት ስም። ስድሳን የተሻገሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ ሰው ነበሩ። በጎረምሳነታቸው የመንገድ ሥራ ካምፕ ገብተው መጀመሪያ የብረት ሜትር ሲጎትቱ፣ ቀጥሎ ባለ ቁጥሩን በትር ሲይዙ፣ በኋላም በመለኪያው መነጽር እንዲያዩ ሲፈቀድላቸው ሙያውን ከእግሩ እስከ ራሱ ለቀሙት። ዲፕሎማ የላቸውም። አማርኛውንም የተማሩት እዚያው ድንኳን ውስጥ ከመሐል አገር ሠራተኞች ጋር ስለሆነ ስድቡን ከሁላችንም ይበልጥ ያውቁታል፤ ሲጠቀሙበት ግን አንድ ቀን አልሰማሁም። እኔ ስለ ሳተላይት ሳወራ እሳቸው «ጥሩ፣ ጥሩ» ይላሉ። በሆዴ ‹እኚህ ሽማግሌ ምን ሊገባቸው› እል ነበር። አይ እኔ!

እንደሚገባቸው ያወቅኩት በመጀመሪያው ወር ነው። ከከተማው ወጣ ብለን ሜዳ ላይ መሣሪያውን ስተክል መጡና አንቴናዋን፣ ያቺን ፖል ከምንለው የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ የምትቀመጠዋን እንደ ዳቦ ክብ የሆነች ነገር፣ ቀስ አድርገው አዞሯት። «ምልክቷ ወደ ሰሜን ይዙር» አሉ። ምን ለውጥ አለው አልኳቸው።

«ሳተላይቱ የሚለካው መሬቱን አይደለም» አሉ። «አንቴናዋ ሆድ ውስጥ እስካለች አንዲት ነጥብ ድረስ ነው የሚለካው። ያቺ ነጥብ በዓይን አትታይ፣ በእጅ አትዳሰስ። መሐል ላይ እንኳ አይደለችም፤ ትንሽ ወደ ጎን ታደላለች። ሳተላይቱ ከራስህ በላይ ሲሆንና ከጥግ ሲሆን ደግሞ አንድ ቦታ አትቆምም። ሁለቱ አንቴናዎቻችን፣ አንድ ቦታ የምትቆመውና ይዘን የምንዞራት፣ እኩል ወደ ሰሜን ካዩ ጥፋታቸው እኩል ነው፤ አንዱን ካንዱ ስትቀንስ ይጠፋል። አንዷ ወዲህ ሌላዋ ወዲያ ካየች ግን ጥፋቱን ይዘኸው ቤትህ ትገባለህ።»

የተማርኩበት መጽሐፍ ይህንኑ ነው የሚለው፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። አንቴናዋን ወደ ሰሜን አዙሬ ግን አላውቅም ነበር። ሰሜኑን ያለ ኮምፓስ እንዴት አገኙት ብላቸው ሳቁ። «በቀን አምስት ጊዜ የምዞርበት ይጠፋኛል እንዴ? ቂብላን ታያለህ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ቀኝ» አሉኝ። ኮምፓሴን አውጥቼ አየሁ። ልክ ነበሩ።

እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። አንዴ ጉናጋዶ ድረስ ሄደን ሦስት ቀን ሠርተን ስንመለስ፣ ማታ ማስታወሻውን ሲያገላብጡ አንድ ነጥብ ላይ የአንቴናው ቁመት በቀጥታ ይለካ በሰያፍ አለመጻፉን አዩ። ሜትሩን ከመሬት እስከ አንቴናዋ ጠርዝ ሰያፍ ካደረጉት ከቀጥታው ጥቂት ሳንቲሜትር ይረዝማል፤ ያንን እንደ ቀጥታ ከጻፉት መሬቱ ያላግባብ ዝቅ ይላል። «ጥቂት ሳንቲም ናት፣ አዴር፣ ይለፈን» ብዬ ለመንኩ። በማግስቱ ጉናጋዶ ተመለስን። አቧራውን ስበላ፣ ሾፌሩ ሲያጉረመርም፣ እሳቸው የፊት ወንበር ላይ ተዝናንተው መንገዱን ያያሉ። ያን ቀን ጠላኋቸው። ዛሬ እንደሳቸው ያለ ቀያሽ አንድ እንኳ አላየሁም ብዬ ብምል ወላሂ አልዋሸሁም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ጥያቄያቸው ነበር። ፖሉ በቆመ ቁጥር፣ እኔ ቁልፍ ከመንካቴ በፊት፣ «ቁመትህ ስንት?» ይላሉ። ከመሬት እስከ አንቴናዋ ያለውን ማለታቸው ነው። መሣሪያው ይህን ቁመት በራሱ አያውቅም፤ እኛ የነገርነውን አምኖ ይቀንሳል። «ሁለት ሜትር» እላለሁ። ፖሉ ሁልጊዜ ሁለት ሜትር ነው፣ መሣሪያው ላይም ሁለት ተብሎ ገብቷል፣ በቀን መቶ ጊዜ ምን ያስጠይቃል?

«ቁመትህ ስንት?»

«አዴር፣ አሁን ነገርኩዎት እኮ!»

«አሁን ሌላ ነጥብ ነው።»

አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ «አንድ ሜትር ከሰባ ሁለት» ብዬ የራሴን ነገርኳቸው። ከታች እስከ ላይ አዩኝና «ጫማህን አውልቀህ?» አሉኝ። ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

በዚያ ዓመት የተሰጠን ሥራ የውሃ መስመር ነበር። ወደ አውበሬ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ኮረብታ ላይ ታንከር ይሠራል፤ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ ታንከሩ ውስጥ ይጠራቀምና ከዚያ ያለ ፓምፕ፣ በራሱ ቁልቁለት፣ መንገድ ዳር ላሉ መንደሮች ይወርዳል። አገሩ ሜዳ ነው። ቁልቁለቱ ዓይን የሚያየው ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህ የእያንዳንዷን መንደር ከፍታ የሚወስነው የኛ ቁጥር ነው። አንዷ ከፍታዋ ከታሰበው ካለፈ ቧንቧው እሷ ጋ ሳይደርስ ይቆማል።

የመጨረሻዋ መንደር አርባ ያህል ቤት ነበራት። ዝናብ ሲዘንብ ጎርፉን በቢርካ ያጠራቅሙታል፤ ቢርካ ተቆፍሮ የተለሰነ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው። በጋ ሲገባ ቢርካው ይደርቅና ሴቶቹ አህያ ነድተው ግማሽ ቀን ይሄዳሉ፣ ወይ ቦቴ ይጠብቃሉ። ሁለት በጋ ተከታትሎ ከፍቶባቸው መንደሯ መበተን ጀምራ ነበር። ሰው ቤቱን ነቅሎ፣ እቃውን ጭኖ ወደ ሸደር ይሄዳል፣ እዚያ ውሃ አለና። የቀሩትን ያስቀረቻቸው አንዲት ሴት ናት። መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይ በወተት የምታፈላ፣ ሃምሳ ዓመት ግድም የሆናት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፤ ሁሉም «ኤዶ» ይላታል፣ አክስት እንደማለት። ቤት ለቤት እየዞረች «ቦኖ ይመጣልናል፣ ትንሽ ታገሱ» ብላ ለምናቸዋለች። ታናሽ እህቷ ጎኗ ነው የምትኖረው፤ እሷም የቆየችው በኤዶ ቃል ነው። ይህን ሁሉ ያጫወቱኝ አዴር ናቸው፣ ወደዚያ ስንሄድ መኪና ውስጥ። «ቦኖው ካልመጣ መንደሯ የለችም» አሉኝ። እኔ በመስኮት እያየሁ እሺ አልኩ።

የዚያን ቀን አዴር ኮረብታው ላይ ቀሩ። ታንከሩ በሚሠራበት ቦታ የመጀመሪያውን አንቴና፣ ቤዝ የምንለውን፣ ተክለን አንድ ሰው መጠበቅ አለበት፤ ፍየል ከነካው የቀኑ ሥራ አፈር በላ ማለት ነው። እኔ ሁለተኛውን አንቴና በፖል ይዤ ከሾፌሩ ጋር መንገዱን እየለካሁ ወረድኩ። ጠዋቱን ሙሉ እሰይ የሚያሰኝ ሥራ ነበር። እኩለ ቀን ላይ መንደሯ ጫፍ ደረስን። ቦኖው የሚተከልበት ነጥብ ከኤዶ ሻይ ቤት ደጃፍ ነው፤ እዚያ ፖሉን በሁለት እግር ድጋፍ አቆምኩና ግማሽ ሰዓት እንዲቆጥር ትቼው ሻይ ልጠጣ ገባሁ።

ሻዩ ጥሩ ነበር፤ የግመል ወተት ነው፣ ሄል ገብቶበታል። ሁለተኛውን ብርጭቆ ስጨርስ መሣሪያው መጮህ ጀመረ። ብወጣ ምን ባይ ጥሩ ነው! አንቴናዬ ዳስ ተሠርቶላታል። ከእርዳታ ዘይት ጣሳ ተዘርግቶ የተሰፋ ሰፊ ቆርቆሮ፣ አንድ ጫፉ ከጣሪያው ጋር ታስሮ፣ ሌላው ጫፍ በሁለት ረጃጅም እንጨት ተደግፎ ከላይዋ ተነጥፏል። ኤዶና እህቷ አጠገቡ ቆመው እጃቸውን ያራግፋሉ፣ ደስ ብሏቸው።

ቆርቆሮ ለአንቴና ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከላይ ሲሆን ሳተላይቱን ይጋርዳል። ከጎን ሲሆን ደግሞ ምልክቱን ተቀብሎ መልሶ ይተፋዋል። አንቴናዋ አንዱን ምልክት ሁለት ጊዜ ትሰማለች፤ አንዴ በቀጥታ ከሰማይ፣ አንዴ ከቆርቆሮው ነጥሮ፣ የመስጊድ አዛን ከሩቅ ግድግዳ ነጥሮ ሁለት እንደሚሆነው። የነጠረው ረጅም መንገድ ስለመጣ አንቴናዋ ያለችበት ቦታ ይምታታባታል።

ይህንን በትዕግሥት ማስረዳት ይቻል ነበር። እኔ ግን ዓይኔ ደም ለበሰ። «ምን አባሽ ሆነሽ ነው?» አልኩ፣ እናቴን በምታህል ሴት ላይ። እሷ በዚያች ከሾፌሮች በለቀመቻት አማርኛ፣ ረጋ ብላ፣ «እናንተ ጥላ ውስጥ ሻይ ትጠጣላችሁ፣ እሱ ፀሐይ ላይ ይቁም?» አለችኝ። መሣሪያውን እንደ እንግዳ ነው የቆጠረችው። ዛሬ ሳስበው አንጀቴን ትበላኛለች። ያን ሰዓት ግን ቆርቆሮውን ገፍቼ ጣልኩት፣ እንጨቶቹን ነቀልኳቸው፣ ጩኸቱን ሰምቶ ሰው ተሰብስቦ ነበርና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ይህች መንደር ውሃ ካጣች ባንቺ ነው!» አልኳት። አማርኛ የሚችል አንዱ ለሌሎቹ ተረጎመላቸው። ሁሉም ዞረው እሷን አዩአት።

እንደገና ልለካ ብሞክር የቤቶቹ ጣሪያም ቆርቆሮ ነውና ምልክቱ አልጠራ አለኝ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አንቴናዋን ከጣሪያዎቹ በላይ ማድረግ። ከመኪናው የአንድ ሜትር ቅጥያ አወጣሁ፣ ከፖሉ ጋር አጠበቅኳት፣ አንቴናዋ ከፍ አለች፣ ምልክቱም ጠራ። ጎበዝ፣ አልኩት ራሴን። ቦኖውን፣ ቤቶቹን፣ የቢርካውን ዙሪያ፣ ሁሉንም ንዴቴ ሳይበርድ ለካሁ። መጨረሻ ላይ ቁጥሩ አስቀድሞ በሚታወቅ ነጥብ ላይ ቆሜ ማረጋገጥ ነበረብኝ፤ እሱንም ዘለልኩት። ኮረብታው ላይ ስመለስ አዴር እንዴት ነበር አሉኝ። «አንዲት ሴትዮ ሥራዬን ልታበላሽብኝ ነበር» አልኳቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የቧንቧው ንድፍ ወጣ። መንደሯ የለችበትም። ከሚፈለገው በሰባ ሳንቲሜትር ያህል ከፍ ትላለች ተብሎ ቧንቧው ከሷ በፊት ያለችው መንደር ላይ ቆመ። ለአገር ሽማግሌዎቹም ተነገራቸው። እኔም አዘንኩ፤ እውነቱን ለመናገር ግን አዝኜ ምሳዬን በላሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ኤዶ መጣች። በጭነት መኪና ጅግጅጋ ገብታ፣ ሰው እየጠየቀች፣ የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ለቦኖው ልትለምን የመጣች መስሎኝ ፊቴን አዙሬ ላልፍ ስል አዴር ቀድመውኝ ሰላም አሏት፣ ክፍላችን አስገቧት፣ የራሳቸውን ወንበር ሰጧት፣ የሚጠጣ ውሃ አመጡላት። ጠጥታ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ» አለችኝ። የሰደብኳት ሴት ልጄ አለችኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። የኔ ቆርቆሮ ነው ይህን ያደረገው? ሰዉ በኔ ነው ይላል። በኔ ከሆነ ቤት ለቤት ሄጄ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ እላለሁ። ካልሆነም ልወቀው። ቦኖ ስጠኝ አላልኩህም፤ ይህን ብቻ ንገረኝ።»

«ቆርቆሮ እንግዲህ... ጥሩ አይደለም» ምናምን ብዬ አጉተመተምኩ። አዴር ግን ወንበር ስበው አጠገቧ ተቀመጡና በሶማሊኛ ያወሩ ጀመር። አልቸኮሉም። ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ እያሉ ነው የሚሄዱት። በመሐል እሷ በእጇ አየር ላይ አንድ መስመር ሳለች፣ ከላይ ወደ ታች። አዴር ቀና አሉ።

«ካርታህን አምጣ» አሉኝ። ዘረጋሁላቸው። «እዚህ ላይ መንደሯ ከመንገዱ በግማሽ ሜትር ከፍ ትላለች ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«እሷ ደግሞ ቢርካዋን የሚሞላው ከመንገዱ የሚመጣ ጎርፍ ነው ትላለች። በየዓመቱ። ጎርፉ ሽቅብ ነው የሚሄደው?»

«ቢርካውን የቆፈርነው እኔና ባሌ ነን» አለች ኤዶ በአማርኛ፣ እኔም እንዲገባኝ። «ውሃ የማይመጣበት ቦታ ማን ይቆፍራል?»

«እኮ፣ ቆርቆሮው ነዋ!» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ንባቡን ያበላሸው እሱ ነው!»

ኤዶ አንገቷን ደፋች። አዴር መነጽራቸውን አደረጉና ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ ወረዱ። እኔ ኮምፒውተሩ ያወጣውን ነበር ያመንኩት፤ እሳቸው ከቁጥሮቹ መሐል መሬቱን ያዩታል። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ጠዋት የለካሃቸው እስከዚህ ናቸው። የከሰዓቱ ከዚህ ይጀምራል። እዚህ መሐል መሬቱ አንድ ሜትር ዘሎ ይወጣል።» ወደሷ ዞረው ጠየቋት፤ እዚያ ጋ ደረጃ አለ? ጉብታ አለ? ኤዶ ባታስበውም ሳቋ መጣ። ፍየሎቿ የሚተኙበት ለጥ ያለ ሜዳ ነው።

«ወንድሜ» አሉኝ፤ «ቆርቆሮን አውቀዋለሁ። ቆርቆሮ ያወዛውዛል፤ አንዱን ነጥብ ከፍ፣ አንዱን ዝቅ፣ አንዱን ወደ ጎን ያደርጋል። ሠላሳ ነጥብ አሰልፎ እኩል አንድ ሜትር አያነሳም። እንዲህ አስተካክሎ የሚሳሳት ሰው ብቻ ነው።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ቁመትህ ስንት ነበር?»

አፌ «ሁለት ሜትር» ሊል ተከፍቶ ነበር። ከዚያ ቅጥያዋ ዓይኔ ላይ መጣች፤ ከመኪናው ሳወጣት፣ እየተሳደብኩ ሳጠብቃት። ክው ብዬ ቀረሁ። ፖሉን ሦስት ሜትር አድርጌ መሣሪያውን ሁለት ነህ ብዬዋለሁ። አንቴናዋ በአንድ ሜትር ከፍ ስትል መሣሪያው ፖሉ መርዘሙን በምን ያውቃል? ከፍ ያለው መሬቱ ነው ብሎ ጻፈ። ጥፋቱ ከሰማይ አልመጣ፣ ከቆርቆሮ አልመጣ። አንዲት ቁጥር መቀየር ነበረብኝ፤ ሴትየዋ ላይ ስጮህ ረሳኋት።

«ሦስት» አልኩ።

አዴር አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ኃላፊው ቢሮው ውስጥ አለ፤ ግባና ራስህ ንገረው» አሉኝና ኤዶን ወደ መኪና ተራ ሊሸኟት ወጡ። ምን እንዳሏት አላውቅም፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንዳልነገሯት የገባኝ በኋላ ነው። የኔን አፍ ነበር የጠበቁት።

ኃላፊው ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሰማኝና «ድንቄም ባለሙያ!» አለኝ። ይገባኛል። በሳምንቱ ሄደን እንደገና ለካን፤ ቤዙን እንዲጠብቅ ለአንድ ዘበኛ ተውንለት፣ አዴር ፖሉን ያዙ፣ እኔ ቁልፉን። በእያንዳንዱ ነጥብ «ቁመትህ ስንት?» አሉ፤ በእያንዳንዱ ነጥብ መለስኩ። መንደሯ ከመንገዱ ዝቅ ብላ ተገኘች፣ ኤዶ በእጇ አየር ላይ እንደሳለችው። ቧንቧው ይደርሳል ማለት ነው። ደረሰም፣ በሚቀጥለው ዓመት፤ ያኔ ግን እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ፣ ውሃው ሲወርድ አላየሁም። ያየሁት እንደገና የለካንበትን ቀን ነው።

አዴር ሰዎቹን ከሻይ ቤቱ ፊት ሰበሰቧቸው። ይተርጉሙልኝ አልኳቸው። «ይህን አልተረጉምልህም» አሉ። «የሰደብክበት አፍ አለህ አይደል?» መኪና ውስጥ ስንመጣ ጀምሮ አንዲት ዓረፍተ ነገር ሲያለማምዱኝ ነበር። ቆምኩ። «ኸለድካ አኒጋ አያ ሌህ» አልኩ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ምላሴ ተሳስሮ ሦስት ጊዜ ነው ያልኩት። ከዚያ ወደ ኤዶ አሳይቼ «ኤዶ ማሃ» አልኩ፤ ኤዶ አይደለችም። ከዚህ በላይ ሶማሊኛ አልነበረኝም።

ተያዩ። አንድ ሽማግሌ ለኤዶ ቀስ ብለው የሆነ ነገር፣ ይቅርታ መሰለኝ፣ አሏት፤ እሷም ጉፍታዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አዴር ውሃው እንደሚመጣ ሲነግሯቸው ሴቶቹ እልል አሉ። ኤዶ ግን አላለችም። ጎኗ ያለውን ቤት ነበር የምታየው። ቋሚው እንጨት ብቻ ቆሟል፤ ግድግዳ የነበረው ምንጣፍም ጣሪያውም የለም።

«እህትሽስ?» አልኳት።

«ሄደች። እኔ ጅግጅጋ የመጣሁ ቀን።» አለች። «ከዚያ በፊት ተጣልተን ነበር። አንቺ የነካሽው ሁሉ ይበላሻል አለችኝ። እኔም ዝም አላልኩም። እሷን አይተው አምስት ቤት ሄደ።»

ቁጥር ይታረማል፤ በግማሽ ቀን አርመን ጨርሰናል። ይህንን በምን አርመዋለሁ? «የት ናት አሁን?» አልኩ። ሸደር፣ አለች። አዴርን አየኋቸው። እሳቸውም ሾፌሩን ጠሩት።

ሸደር ሩቅ አይደለም። ጠይቀን ጠይቀን እህቲቱን ከገበያው ጀርባ፣ ገና ባላለቀ ቤት በር ላይ ተቀምጣ አገኘናት። አወቀችኝና ፊቷን አጠቆረች። ያንኑ ዓረፍተ ነገሬን አልኳት። ይሄኔ አዴር ራርተውልኝ የቀረውን ተረጎሙ፤ ፖሉን፣ ቅጥያዋን፣ ያልቀየርኳትን ቁጥር፣ ሁሉንም። ቆርቆሮው አይደለም፣ እህትሽ አይደለችም፣ ውሃውም ይመጣል።

ከዚያ ለአዴር ጥቂት ቃል ተናገረች። «ምን አለች?» አልኳቸው።

«‹የሱ ጥፋት ቁጥር ነው፤ መጥቶ ተናገረው። እኔ እህቴን ያልኳትን ማን ይናገርልኛል?› ነው የምትለው» አሉኝ።

መልስ አልጠበቀችም። ተነሳች፣ በሩን በገመድ አሰረች፣ ጉፍታዋን አስተካከለች፤ ከዚያ የፒክአፑን በር ራሷ ከፍታ የኋላ ወንበር ላይ ከዕቃዎቻችን መሐል ተቀመጠች። ማናችንም ነይ አላልናትም።

መንደሯ ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኤዶ ደጃፏ ላይ ወተት ጥዳ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ብርጭቆ ታጥባለች። እህቲቱ ወርዳ ጥቂት እርምጃ ሄደችና ቆመች። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ነገር የጠፋባት ይመስላል፤ አፏ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አይወጣትም። ኤዶ የመኪናውን በር ሰምታ ዞረች። አየቻት። ብርጭቆውን ከእጇ አላስቀመጠችም። አጠር ያለች ነገር ተናገረችና ተመልሳ ማጠቧን ቀጠለች፤ እህቲቱም ፈጠን ብላ ሄዳ ምድጃው አጠገብ ተንበረከከች።

ምን አለቻት ብዬ አዴርን በሹክሹክታ ጠየቅኳቸው።

«ወተቱ እንዳይገነፍል እዪልኝ፣ ነው ያለቻት።»